ምክትል ርዕሰ መምህርቷን የጻፈችው አለቃ

ከክፍል ለጥቂት ደቂቃ ወጥታችሁ ስትመለሱ፣ የሾማችሁት የክፍል አለቃ «ረባሾች» ከሚለው ርዕስ ሥር ጨርሶ መጻፍ የሌለበትን ሰው ስም ጽፎ አግኝታችሁት ታውቃላችሁ? እኔን ሲያትል ውስጥ አጋጥሞኛል። ያውም ባለ ስሙ ሰሌዳው ፊት ቆሞ እያነበበው። በቅደም ተከተል ካልነገርኳችሁ አይገባችሁምና ከመነሻዬ ልጀምር።

ከሆሳዕና የወጣሁት በነሐሴ ነው። በዋዜማው ምሽት ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ስንቅ ይዘጋጅ ነበር፤ እናቴ ቆጮውን በኮባ ቅጠል ትጠቀልላለች፣ አባቴ ምክሩን ይደረድራል። አባቴ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ስለሆነ ምክሩ ሁሉ ቁጥር አለው።

«አንደኛ፣ ክፍል ስትገቢ አትሳቂ። ሁለተኛ፣ በቶሎ አለቃ ምረጪ። አለቃ የሌለው ክፍል ገበያ ነው። ሦስተኛ…»

«እስቲ ልጅቷን አስተኛት!» አለች እናቴ።

የምሄደው ሲያትል አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ለማስተማር፣ በአንድ ዓመት ኮንትራት ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ገምግመው ከወደዱኝ ይታደሳል፤ ካልወደዱኝ ሰኔ ላይ እመለሳለሁ። ችግሩ መመለሻው ነው። የሆሳዕናው ቦታዬ ገና ሻንጣዬን ሳልዘጋ ለሌላ መምህር ተሰጥቷል። ኮንትራቱ ካልታደሰ ከሁለት ያጣ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው።

ሲያትል ኤርፖርት ላይ የጉምሩክ ሰውዬ ሻንጣዬን ከፍቶ የኮባውን ጥቅል በአንድ ጣቱ ነካው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው። ቆጮ ይባላል።»

«ከምን ነው የሚሠራው?»

መምህር ነኝና ማስረዳት ጀመርኩ። «እንሰት የሚባል ተክል አለ። ሙዝ ይመስላል፣ ግን ፍሬው አይበላም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚበላው?»

«ግንዱና ሥሩ። ይፋቅና መሬት ውስጥ ይቀበራል።»

«ይቀበራል?»

«አዎ፣ ለወራት። ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው።»

ሰውዬው በለበሰው ጓንት ላይ ሌላ ጓንት ደረበ። እኔ ባስረዳሁ ቁጥር ቆጮው ወደ ቆሻሻ መጣያው እየቀረበ ሄደ። ዝም ብል ኖሮ ዳቦ ነው ብሎ ያሳልፈኝ እንደነበር አምናለሁ። ማስረዳት ሁልጊዜ እንደማይጠቅም የተማርኩት እዚያ ነው፤ ትምህርቱ ግን አልቆየልኝም።

የተከራየሁት ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ የአደይ ለተብርሃንን ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤቱን ነው። አደይ ለተብርሃን ከአስመራ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ደሴ ያደጉ፣ ሲያትል ያረጁ እናት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ደረጃው ላይ አስቁመው የቤቱን ሕግ ነገሩኝ።

«ጫማ በር ላይ ይወልቃል ጓለይ፣ ልጄ። ሽንኩርት ስታቁላዪ ደግሞ መስኮት ክፈቺ። የጭሱ አላርም ከጮኸ ጎረቤቶቹ ይመጣሉ።»

«እሳት የተነሳ መስሏቸው ነው?»

«ምን እሳት! አንድ ቀን ቅመሱ ብዬ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ አላርሙ ሲጮህ ምሳ የደረሰ ይመስላቸዋል።»

ስለ ዝናቡም አንድ ነገር ልበል። የሆሳዕና ዝናብ ወግ ያውቃል፤ አጉረምርሞ ይመጣል፣ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። የሲያትሉ ሳይናገር ይገባል፣ ሳይናገር ይቀመጣል፣ መሄዱም አይታወቅ። ጃንጥላ ከዘረጋህ መጤ መሆንህ ይታወቃል። እኔ ዘረጋሁ።

ትምህርት ቤቱ ቱክዊላ በምትባል አጎራባች ከተማ ነው። በላይት ሬይል፣ በከተማው ባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብቼ፣ ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜ ጠበቅኩ። ሆሳዕና ስልሳ ስምንት ተማሪ በአንድ ጊዜ ብድግ ሲል ወለሉ ይነቃነቃል። እዚህ ሃያ አራት ልጆች ነበሩ፤ ማንም አልተነሳም። አንዱ ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። ሌላው ትልቅ ኳስ ላይ ተቀምጦ ይዘላል፤ ልቀማው ስል ወንበሩ መሆኑን ነገሩኝ። ማርከስ የሚባል ረጅም ልጅ ግን ጨዋነቱን አሳየኝ። «ሃይ! የጆሮ ጌጥሽ ያምራል» አለኝ።

ሳቅኩ። የአባቴ አንደኛ ምክር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፈረሰ። ሁለተኛውን ግን አጥብቄ ያዝኩ።

ለአለቃነት የመረጥኳት ሊንን ነው። ሊን ወላጆቿ ከቬትናም የመጡ፣ እርሳሶቿን በቁመት ቅደም ተከተል የምትደረድር ልጅ ናት። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቃል ስትናገር አልሰማሁም። ማርከሩን ሰጥቼ ደንቡን አስረዳኋት። የሚያወራ ይጻፋል። ከተጻፈ በኋላ የሚደግም ስሙ አጠገብ ኤክስ ይደረግበታል። በጠብ አይጻፍም፣ በፍቅር አይታለፍም።

«ማንም?» አለች። ድምፅዋን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«ማንም» አልኳት።

በጥቅምት ወር በአንዱ ረቡዕ የክፍልፋይ ልምምድ ወረቀት አነሰኝ። አገሬ እንደማደርገው «ሊን፣ አደራ» ብዬ ወደ ኮፒ ማሽኑ ሮጥኩ። ለሁለት ደቂቃ ነበር። ማሽኑ ወረቀት ነከሰ። አንዱን በር ከፈትኩ፣ ሁለተኛውን ክፈቺ አለኝ። ሁለተኛውን ስከፍት ሦስተኛ እንዳለው ነገረኝ። ስመለስ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖኛል።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ሚስ ዶነሊ ሰሌዳው ፊት ቆመዋል። ሊን ማርከሩን እንደ ጦር ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። በሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ ማርከስ፣ ሁለት ኤክስ። ሚስ ዶነሊ፣ አራት ኤክስ።

በኋላ ማርከስ እንዳብራራልኝ፣ ሚስ ዶነሊ ገብተው «መምህራችሁ የት አለች?» ሲሉ ተጻፉ። «ምን እያደረግሽ ነው የኔ ቆንጆ?» ሲሉ አንድ ኤክስ። «ኦኬ፣ ማርከሩን አስቀምጪው» ሲሉ ሁለተኛ። «ይህ ስሜ ነው እንዴ?» ሲሉ ሦስተኛ። አራተኛው በረጅሙ በመተንፈሳቸው ነው።

«ይቅርታ፣ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ…» ብዬ ጀመርኩ።

ሊን ዞር ብላ የእኔን ስም ጻፈች።

ሚስ ዶነሊ ፈገግ አሉ። ከአሜሪካ ፈገግታዎች ሁሉ የከፋው ይሄኛው ነው፤ ጥርስ ይታያል፣ ዓይን ግን ከቦታው አይነቃነቅም። «በጣም ኢንተረስቲንግ ነው። ነገ ጠዋት ቢሮዬ እንነጋገር» አሉና ወጡ። ለዚህም አምስተኛ ኤክስ ተደረገባቸው።

ማታ ለአደይ ለተብርሃን ነገርኳቸው። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጆቹን ብቻቸውን ትተሽ? አንቺ ልጅ! እዚህ አገር ድመት እንኳ ብቻዋን ትተሽ አትሄጂም!»

«አለቃ አስቀምጬ ነው እኮ የሄድኩት።»

«አለቃዋ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥር።»

እጃቸውን ከራሳቸው አወረዱ። «ሶ… ቤዝመንቱን ለሰኔ ለሌላ ሰው ልስጠው ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?» አሉኝ። እራት ሳልበላ ተኛሁ።

በማግስቱ ሚስ ዶነሊ ጠረጴዛ ላይ ስሜ የተጻፈበት ቅጽ ተቀምጧል። ሁለት ሳጥኖች በቀይ ተሞልተዋል።

«አንደኛው ደኅንነት ነው» አሉ። «ልጆች ያለ አዋቂ አይተዉም። መውጣት ካለብሽ ቢሮ ትደውያለሽ፣ ሰው ይመጣል።»

«ገብቶኛል። ጥፋቴ ነው። አይደገምም።» ይህን ከልቤ ነው ያልኩት። የሰው አገር ልጆች አደራ ናቸው፤ ማሽኑ አሥራ አንድ ደቂቃ ሳይሆን እሳት ቢያመጣ ኖሮ ሊን በማርከር አታጠፋውም ነበር።

«ሁለተኛው ዝርዝሩ ነው። የልጅ ስም በአደባባይ መጻፉ ስሜቱን ይጎዳል።»

«የእርስዎንስ ጎዳው?» አልኩ። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማሁት።

ቅጹን አስቀመጡት። «እዚህ ሕንፃ ውስጥ ስብሰባ የምመራው እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ብዙ እንደማወራ ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ባለቤቴ ሞክሮ ነበር።» ከዚያ ወደ ቅጹ ተመለሱ። «ስድስት ሳምንት እሰጥሻለሁ። ያን ጊዜ መጥቼ እቀመጣለሁ። ሁለቱም ሳጥን ካልተስተካከለ ኮንትራቱን ለማደስ አልፈርምም። ልጅቷ ግን…» አቆሙ። «ሊን ባለፈው ዓመት በሙሉ ከመቀመጫዋ ተነስታ አታውቅም ነበር።»

ስለዚህ ሊንን ልሽራት አልቻልኩም። ሥራዋን ገለበጥኩት። ርዕሱን «ረዳቶች» አልኩትና ሰው የረዳ ሰው ስሙ እንዲጻፍ አዘዝኩ። ሰላም ይወርዳል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክፍሉ በመረዳዳት ተተራመሰ። አንድ በር አራት ልጆች ይከፍቱታል። የጓደኛን እርሳስ ሊቀርጹ ሲሻሙ እርሳሱ አለቀ። ማርከስ አንዷን ያልታመመች ልጅ ደግፎ ወደ ነርስ ሊወስድ ሲል በር ላይ ያዝኩት።

ያበረደችው ሊን ናት። አንድ ጠዋት ሳታስፈቅደኝ ተነስታ «አንድ ጊዜ አይቆጠርም። ሦስት ጊዜ» አለች። «ስታዩኝ ካደረጋችሁም አይቆጠርም።» ከዚያ ተቀመጠች። ያን ቀን ከሁሉም በላይ ያስተማረች እሷ ናት፤ ልጆቹ የወደቀ ነገር ሲያነሱ ሊንን ሰርቀው ማየት ተዉ።

በስድስተኛው ሳምንት ሚስ ዶነሊ መጡ። ከኋላ፣ ኳሱ ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ ባዶ መቀመጫ አልነበረም። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ወረቀት ሲያንሰኝ ቢሮ ደወልኩ፣ ሰው አመጣልኝ። ሦስት ስምንተኛን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት። ሚስ ዶነሊ ግን የእኔን ክፍልፋይ አያዩም ነበር። ዓይናቸው ሰሌዳው ጥግ ላይ ካለው ዝርዝር አልተነሳም።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል አንዲት የወደቀች ወረቀት አነሱ። ወደ ሊን አዩ። ሊን ማርከሩን አልነካችም።

«ስንት ነው የሚያስፈልገው?» ብለው ጠየቁኝ በሹክሹክታ።

«ሦስት፣ ሚስ ዶነሊ። ሳይታይ።»

እኚያ ትልቅ ሴት ከኳሱ ወርደው ተንበረከኩ። ከማርከስ ወንበር ሥር የላጲስ ፍርፋሪ ለቀሙ፣ የአንዷን ልጅ የወደቀ ኮት ሰቀሉ፣ የተንከባለለ እርሳስ ለባለቤቱ መለሱ፤ ወደ ሊን አላዩም። ደወሉ ሊደወል ሲል ሊን ተነስታ ስማቸውን ጻፈች። ሚስ ዶነሊ እዚያው ጉልበታቸው ላይ ቅጹን ዘርግተው ፈረሙ። በ«ተጨማሪ አስተያየት» ቦታ ላይ ደግሞ «ኮንትራቱ የታደሰው ለመምህሯ ነው፤ ያስገኘችው ግን አለቃዋ ናትና ለሊን ይነገራት» ብለው ጻፉ።

ለአባቴ ደወልኩ። ተሳክቶልኛል ስለው «እሰይ! እሰይ ልጄ!» አለ። ከዚያ እርምጃውንና የአንድ በር መከፈት ሰማሁ።

«አባዬ? ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ። ሰኔ ላይ የምትመጪ መስሎኝ ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼው ነበር። ይሁን፣ አይበላሽም።»

ስለ ዝርዝሩ አወራሁለት። ቤት ውስጥም እንዲሞክሩት ነገርኩት።

«እኔና እናትሽ ሁለት ብቻ ነን» አለ። «ማን ማንን ይጽፋል?»

እናንተ ግን፣ ቤታችሁ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ሞክሩት። ማርከሩን ለታናሹ ስጡት። ደንቡን አንድ ጊዜ ብቻ ንገሩትና ዞር በሉ፤ እንደ እኔ ማስረዳት አታብዙ። በሳምንቱ መጨረሻ ስማችሁን ፈልጉ። ከሌለ አለቃውን አትቆጡት፤ ከወንበራችሁ ወርዳችሁ ከሥር የወደቀውን ልቀሙ።