ያለ ስኳር የታዘዘ ማንጎ

እትዬ ማንጎ ነው የሚሏት። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል፤ እሷም ብትሆን ድንገት በስሟ ቢጠሯት ዞር የምትል አይመስለኝም። ጁስ ቤቷ ጠባብ ናት፤ አንድ ባንኮኒ፣ ጥቂት በርጩማ፣ ሲነሳ ብርጭቆውን ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ አንድ መፍጫ። ማንጎውን ታነሳና ከተቀጠፈበት በኩል ታሸተዋለች፤ ጠረኑ ካላማራት ወደ ሣጥኑ ትመልሰዋለች። ካማራት ቢላዋዋን በግራና በቀኝ አሳልፋ ሁለቱን ጉንጩን ታወርዳለች፣ በፍሬው ዙሪያ የቀረውንም በማንኪያ ትፍቀዋለች። የሚጣል ነገር አትወድም።

ስለ ማንጎ ጥቅም ከጀመረች ደግሞ ማን ያስቆማታል! ከሬዲዮ የጤና ዝግጅት የሰማችውን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች። «ለዓይን ነው፣ ለቆዳ ነው፣ ቁስል ቶሎ እንዲጠግግ ነው! ቃጫውን አትትፉት፣ የደረቀ ሆድ የሚያለሰልሰው እሱ ነው!» ትላለች። ስኳር አለብኝ ላላት ሰው ግን ጁስ አትሸጥም። «አንተ ቁራጭ ታህል ከነቃጫዋ ብላ፣ ሐኪምህንም ጠይቅ» ብላ በሳህን ታቀርብለታለች። በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም፤ ከአንድ ሰው በስተቀር።

ሰውየው የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ሰፈሩ ጓጉንቸሩ ይለዋል፤ ለምን እንደሚለው ልንገራችሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፍራፍሬ መደብር እትዬ ማንጎና ባሏ አብረው ነው ያቆሙት። ሣጥን ስታወርድ ስትጭን ወገቧ የጎበጠው እዚያ ነው። ባሏ በድንገት ሞተ። ከቀብሩ ማግስት፣ ዓይኗ አብጦ፣ መደብሩን ልትከፍት ብትሄድ በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቁልፏ አልገባም አላት። ወንድምየው አጠገቧ መጥቶ ቆመና፣ «ይሄ የወንድሜ ንብረት ነው፤ አንቺ ልጅ እንኳ አልወለድሽለትም» አላት። በሰው ፊት! ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይቺን ቃል እንዴት ትርሳት? እኔ ብሆን እረሳለሁ? እናንተስ?

የዚያን ቀን ከጎኗ የቆሙት አማቷ ብቻ ነበሩ። «አንተን የወለደ ሆዴ ይቃጠል!» ብለው ልጃቸውን ረገሙት፤ ግን ማን ሰማቸው? ከቤታቸው ያለውን መፍጫ በጨርቅ ጠቅልለው፣ «በዚህ ራስሽን ቻይ፣ ልጄ» ብለው ሰጧት። ጁስ ቤቷ በዚያ መፍጫ ተጀመረች። አማቷ የሚኖሩት ግን ከጓጉንቸሩ ጋር ነው፤ እሷ ደግሞ «እሱ ያለበትን ደጅ እግሬ አይረግጠውም» ብላ ምላለች። እንዲሁ ሳይተያዩ ዓመታት አለፉ። እግራቸውን እንደሚያማቸው በወሬ ስትሰማ ልትሄድ ትነሳና መልሳ ትቀመጣለች።

ታዲያ አንድ ቀን ጓጉንቸሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ ጁስ ቤቷ ገባ። እሷን አላናገራትም፤ ከተኳረፉ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። በሩ አጠገብ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ወደሚውሉት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ዞረና፣

«ጋሼ፣ ለሴትየዋ ይንገሩልኝ። ማንጎ፣ ያለ ስኳር» አለ።

«ሴትየዋ፣ ማንጎ ያለ ስኳር ተብለሻል» አሉ ልብስ ሰፊው ሳቃቸውን እየዋጡ።

«ጠርሙሱን ያስቀምጥ በሉት» አለች እሷ፣ ግድግዳውን እያየች።

ክዳን ያለው ጠርሙስ ይዞ ነበር የመጣው። እኔ ፊት መጠጣት ሞት ሆኖበት ነው፣ አለች በሆዷ። በማግስቱም መጣ፣ ከዚያም በኋላ አልቀረም። አንድ ቀን ደግሞ ከፊት ለፊቷ ካለው መድኃኒት ቤት ፌስታል ይዞ ሲወጣ አየችው። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጁስ ልትጠጣ ስትመጣ ብትጠይቃት፣ «የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው» የሚል ቃል አመለጣት። ሰውየው ከስቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ያለ ስኳር ይላል። ነገሩ ሁሉ ገጠመላት። እሰይ! አለች። እሰይ! እግዜር በእጄ ጣለልኝ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ መፍጫው እየጮኸ፣ ስኳሩን በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ ትሞጅረው ጀመር። ያንን የምትሰብክለትን ቃጫ በወንፊት አስቀርታ ጣፋጩን ብቻ ትቀዳለታለች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ «ጋሼ፣ ማንጎ ለዓይን ፍቱን ነው በሉት!» ትላለች። ውስጧ ግን ዓይንህን ያጥፋልኝ ነው የሚለው። ክፉ ናት? ክፉ ሆናለች፣ ምን ይደረግ! ጠርሙሱን ታቅፎ መንገዱን ሲሻገር ከኋላው እያየች፣ ደረቷ ከስንት ዓመት በኋላ ቅልል ይላት ነበር።

ከዚያ ጠፋ። ዛሬ ቀረ፣ ነገም ቀረ፣ መደብሩም አልተከፈተም። እትዬ ማንጎ ባንኮኒዋን እየወለወለች ታንጎራጉራለች።

«ምን አግኝተሽ ነው?» አሏት ልብስ ሰፊው። «አልሰማሽም እንዴ? አማትሽ እኮ ሆስፒታል ገብተዋል። ስኳራቸው ጣሪያ ነክቶ ራሳቸውን ስተው ነው የወሰዷቸው።»

«የማን ስኳር?»

«የሳቸው ነዋ! ሆዳቸው ደርቆ ሲቸገሩ ሐኪሙ ትንሽ ማንጎ ያለ ስኳር ፈቀደላቸው፤ የሷ ካልሆነ አልቀምስም አሉ። ልጅየው በየቀኑ የሚያመላልሰው ለሳቸው አልነበር? እኔ እኮ ታውቂያለሽ ብዬ ነው!»

የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። ማወቅስ እንዴት ታውቅ? እሱ ለእናቴ ነው ብሎ አፉን ከፍቶ እሷን መለመን ሞቱ ነው፤ እሷም ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ሞቷ ነው። ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

አማቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል፤ ክንዳቸው ላይ ቱቦ ተሰክቷል። የባሏ ታላቅ እህት ራስጌው ጋ ቆማ ጓጉንቸሩን ሙልጭ አድርጋ ትሰድበዋለች።

«ጣፋጭ ሲወስዱ ከርመዋል ነው ያለው ሐኪሙ! ምንድን ነው ስታበላት የከረምከው? ልትገድልልን ነው?»

«ከማንጎ በቀር ምንም አላበላኋትም!» አለ። ድምፁ ተሰብሯል። ዞር ሲል እትዬ ማንጎን በሩ ላይ አያት፤ ከስንት ዘመን በኋላ ዓይን ዓይኗን እያየ ተናገራት። «እባክሽ አንቺ ንገሪያት። ያለ ስኳር ነው አይደል የምትሠሪልኝ?»

እባክሽ! ጓጉንቸሩ እባክሽ አላት! የሚዋረድበትን ቀን ስትመኝ ኖራለች፤ ቀኑ ይኸው።

«ያለ ስኳር ነው» አለች።

«ውጣ!» አለች እህትየው በሩን በጣቷ እያሳየችው። «ከዛሬ ጀምሮ የማስታምማት እኔ ነኝ። ዓይንህን እንዳላየው!» አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እህትየውም ነርሷን ልትጠራ ሄደች። እትዬ ማንጎ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ጠጣ!

አማቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«መጣሽ?»

«መጣሁ፣ እማዬ።»

«ምላሴ አላረጀም እኮ፣ ልጄ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ስኳር እንዳለበት መች ጠፋኝ።»

«ታዲያ ለምን ጠጡት?»

«ካንቺ ሌላ ምን ይደርሰኝ ነበር? ብናገር ልጄ ሄዶ ይጣላሻል፣ ያም ይቀርብኛል። ዝም ብዬ ጠጣሁት። እሱ ላንቺ ክፉ ነበር፣ አውቃለሁ። እኔን ግን አጥቦ፣ አገላብጦ፣ አጉርሶ ያኖረኝ እሱ ነው። ሂጂና ልጄን መልሺልኝ።»

ኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። አጠገቡ ሄዳ ቆመች። እንዳላየች ሆና መመለስ አማራት፤ ግን አልተመለሰችም።

«ስኳር ጨምሬበታለሁ» አለችው። «ሁልጊዜ። ብዙ።»

ቀና አለ። ነገሩ ቶሎ የገባው አልመሰለም።

«ለእናቴ?»

«ለሳቸው መሆኑን አላወቅኩም።»

«ታዲያ ለማን መስሎሽ ነው?»

«ላንተ» አለችው።

ይመታኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢመታት ደስ ባላት ነበር። እሱ ግን ተነሳና ሸሚዙን አስተካከለ።

«ነይ» አላት። «አሁን ያልሽኝን እህቴ ፊት ትደግሚዋለሽ።»

ቀድሟት ሄደ፤ እሷም ተከተለችው።