ለመምህሩ የተውኩት ዝምታ

ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሳለሁ፣ ስለ ወባ የሚያስተምር የሁለት ሰው ንግግር በካሴት እንዲቀዳ ተወሰነ። ካሴቱ በየገበያው በመኪና እየዞረ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ጊዜው በየአካባቢው ቋንቋ ማስተማር የተጀመረበት ስለነበር ጽሑፉ በካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነበር። ሚስት «ልጃችን አተኮሰው፣ ጤና ጣቢያ እንውሰደው» ትላለች፤ ባል ያመካኛል። ሚስቲቱን እንዳነብ ለእኔ ተሰጠኝ። ባልየውን የሚያነበው የቢታ ገነት አካባቢ ተወላጅ የሆነ ወጣት መምህር ነበር።

ከሥራ በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ እንለማመድ ነበር። መምህሩ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከመመለሱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ ይጀምራል።

«መምህር፣ አንተ እስክትመልስ እኮ ልጁ ራሱ ተነስቶ ጤና ጣቢያ ይሄዳል» አልኩት አንድ ቀን።

«እትዬ፣ ለዚህ ነው ያላገባሁት» ብሎ ሳቀ።

እናቱ ከቢታ ገነት ወጣ ባለ መንደር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ድምፁ ከመኪና ላይ እንደሚሰማ ቢነግራቸው አላመኑትም። «በገበያ ቀን መጥታ ትሰማኛለች» ይል ነበር። «ያን ጊዜ ሰው መሆኔን ታምናለች። እስካሁን ጠመኔ ተሸካሚ ነው የምመስላት።» ይህን ደጋግሞ ስለሚያነሳው ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

የሚቀዳልን ባለሙያ ከጅማ በመጣበት ሳምንት መምህሩ ታመመ። ቤቱ ሄጄ አየሁት። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ እግሩ አብጧል። ጽሑፉ ትራሱ አጠገብ ነበር።

«እርስዎ የራስዎን ይቅዱ» አለኝ። «የእኔን ቦታ ይተዉልኝ። ስነሳ እገባበታለሁ። ቦታውን እንዳያጠቡብኝ ብቻ።»

በማግስቱ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ባለሙያው መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ማይኩን ፊቴ አቆመው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እናቆማለን፣ ሲያባራ እንቀጥላለን። እኔ የእኔን እናገርና የእሱን በልቤ አነባለሁ። ጉሮሮውን የሚጠርግበትን፣ የሚያስብበትንም ጊዜ እጠብቃለሁ።

«እትዬ፣ ዝምታው በዛ» አለ ባለሙያው። «ካሴት መፍጀት ነው።»

«እሱ የሚናገረው እንዲህ ነው።»

«ይህን ያህል የሚያስበው ሚኒስትር ነው እንዴ?»

«መምህር ነው» አልኩት። ካሴቱን እንደገና አስነሳ።

መምህሩ አልተነሳም። ጅማ ወስደውት እዚያው አረፈ፤ ሬሳው ወደ እናቱ መንደር ተመለሰ። እኔ አልሄድኩም፤ መኪናው ሞልቶ ነበር። ለቀብር የሄዱት ሲመለሱ እንደነገሩኝ፣ እናቱ ከለቅሶው መሀል «ያ መኪና ግን ይመጣል?» ብለው ጠይቀዋል። ይመጣል ብለዋቸዋል። ድምፁ እንዳልተቀዳ የሚያስረዳቸው ሰው ግን አልነበረም።

መሥሪያ ቤቱ የባልየውን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጠ። ፈጣን ተናጋሪ ነው። ባለሙያው ዝምታዎቹን ቆርጦ የሁለታችንን ድምፅ በአዲስ ካሴት ላይ አገናኘ። ሾፌሩ አሮጌውንም አዲሱንም አንድ ላይ ተረከበ።

እኔም ከመኪናው ጋር ሄጄ ቢታ ገነት በገበያ ቀን ደረስን። ማር የያዘው፣ ቡና የያዘው፣ ቆጮ የተሸከመችው ሁሉ መኪናውን ከበበ። የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ «ልጁ እንደ እሳት ይነዳል፣ ምን ትላለህ?» ከዚያ ምንም የለም። ሾፌሩ ያስገባው አሮጌውን ካሴት ነበር።

«ባልየው አኩርፏል!» አለ አንዱ።

«ጠጅ ቤት ነው ያለው፣ ሂዱና ጥሩት!»

«እቴ፣ ተይው፣ ሌላ አግቢ!»

ገበያው በሳቅ ተሞላ። ሾፌሩ እንዲያጠፋው ልነግረው ወደ መኪናው ሄድኩ። የበሩን እጀታ እንደያዝኩ፣ ጎማው አጠገብ ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ የተቀመጡ አሮጊት ሕዝቡን ሲቆጡ ሰማሁ።

«ዝም በሉ! ልጄ ቶሎ አይመልስም። ጠብቁት።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ማን እንደሆኑ የሚያውቁት ለማያውቁት አንሾካሾኩ። እጄን ከበሩ ላይ አነሳሁ። በድምፅ ማጉያው እጠይቃለሁ፣ ዝም ይላል፤ እንደገና እጠይቃለሁ፣ ዝም ይላል። እሳቸው በየዝምታው አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና ያደርጉ ነበር። ካሴቱ እስኪያልቅ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ሲያልቅ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ሴትዮዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«የእሱ የታለ?»

«የለም። ሳይቀዳ ነው ያረፈው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ማንን ነው ስትጠብቂ የነበረው?»

«እሱን ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ክንዳቸውን ይዤ አስነሳኋቸው፤ ከመሬት ሲነሱ ክብደት አልነበራቸውም። ነጠላቸውን አጣፍተው በሕዝቡ መሀል ሄዱ። መንገድ ለቀቁላቸው።

«እትዬ፣ ትክክለኛውን ላስገባ?» አለ ሾፌሩ። ደንግጦ ነበር።

«አስገባ» አልኩት።

እንደገና የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ ምን ትላለህ? ያ ሌላው ሰውዬ ወዲያው መለሰልኝ። አሮጊቷ ገና ከገበያው አልወጡም ነበር፤ ዞር ብለው አላዩም።