ከመሬት ሆኖ የተተመነ ጣራ

ድመቱ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት አብረውት የሚሠሩት ጣራ ሠሪዎች ናቸው፤ ዝናብ ባራሰው ቆርቆሮ ላይ እንኳ ሳይንገዳገድ ስለሚራመድ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለአንድ ኮንትራክተር ጣራ ሲከድን ኖሯል። ባለፈው ወር ታዲያ ያ ኮንትራክተር እሱ እጁን ላላነካበት ክዳን፣ የቤቱ ባለቤቶች ፊት አቁሞ «ዝርክርክ» ብሎ አዋረደው። ድመቱ ደሙ ፈላ። መዶሻውን ቀበቶው ላይ ሰካና «ከዛሬ ጀምሮ የራሴ ጌታ ነኝ። ተመልሼ ደጅህን ብረግጥ ከሰው አትቁጠረኝ» ብሎት ወጣ። ሰው ሲናደድ የማይለው የለም። የድመቱ ክፋቱ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እየሰማ ማለቱ ነው።

ሦስት ሳምንት ያለሥራ ከተቀመጠ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መጣለት። የቤቱ ባለቤት አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። አራት ክፍል ቤት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ ከአልጋው ግርጌ የተቀመጠ ባልዲ። ክረምቱ ሳይገባ አሮጌው ተነሥቶ አዲስ እንዲመታላቸው ፈልገዋል። ይህን ሥራ በደንብ ከጨረሰ ሌላ ሰው ይጠራዋል፤ ካበላሸው ግን ያው ወደዚያ ደጅ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሊያይ የሄደ ቀን የሚስቱን ወንድም ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ፣ አዲስ ደብተር ይዞ ነው። ነርሷ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጠበቁት።

«ውጣና እየው ልጄ» አሉት።

መሰላሉን አየ፣ ጫማውን አየ። ያ ያሠራው የነበረው ሰውዬ አንድም ቀን ጣራ ላይ ሲወጣ አይቶት አያውቅም። ታች ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጽፎ ጽፎ ዋጋ ይጠራል። ኮንትራክተር ማለት ለድመቱ ያ ነው።

«አያስፈልግም እማማ፤ ከዚሁ ሆኜ ይታየኛል። እንጨቱ ደህና ነው፤ ያረጀው ቆርቆሮው ብቻ ነው።»

እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል? ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጣራ ላይ ሲንጠላጠል የኖረ ሰው፣ የራሱ ሥራ የሆነውን የመጀመሪያውን ጣራ መውጣት አፈረ። ለጫማው ብሎ።

ዋጋውንም እንዲሁ ነው ያወጣው። ያ ኮንትራክተር አምና እዚያው ሰፈር ይህን የሚያህል ቤት በስንት እንደከደነ ያውቃል። ከዚያ ላይ ሩቡን ቀነሰና እዚያው ቆሞ ጠራው። ቤቴ ሄጄ አስልቼ ልምጣ እንኳ አላለም። ነርሷ ወዲያው «ይሁን» አሉ፤ ቅድሚያ ክፍያም ቆጥረው ሰጡት። ድመቱ ልቡ አብጦ ወጣ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሲነግራት የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ቆርቆሮውን ማን ያመጣዋል?»

«ጋሪ አለ አይደለም እንዴ።»

«በነጻ?»

ደብተሩን ገልጦ መልሶ ከደነው።

«መሰላሉና መወጣጫውስ? የሰውዬው ነበር እኮ። መከራየት የለብህም? አሮጌውን ቆርቆሮ ማን አንሥቶ ይጥለዋል? ያልታሰበ ነገር ቢመጣ ከምን ታወጣለህ?»

«ካተረፍኩት ላይ።»

«ያንተ የቀን ሒሳብስ?»

«የኔማ ያው ትርፉ አይደል።»

«እኔ አንድ ቀሚስ ስሰፋ ክሩንም፣ የሚሰበረውን መርፌም፣ የጀርባዬንም ሕመም ነው የማስበው። ያንተ ጀርባ የብረት ነው?»

«ጣራና ቀሚስ አንድ ነው እንዴ አንቺ ደግሞ» ብሏት ተነሥቶ ሄደ። እሷም መኪናዋን ቀጠለች።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሠራተኛ ይዞ ገባ። የቅድሚያው ገንዘብ ቆርቆሮና ሚስማር ሆኖ አልቋል። አሮጌውን መንቀል ጀመሩ። ሦስተኛውን ቆርቆሮ አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ወራጅ እንጨት ሲረግጥ እግሩ ሰመጠ። ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ጫር ቢያደርገው እንጨቱ እንደ ዱቄት ተበተነ። ቀጣዩንም፤ የዚያንም ቀጣይ። ከአሥራ ስምንቱ ወራጅ አሥራ አንዱ በስብሷል። ቆርቆሮው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቢራመድበት ኖሮ እግሩ ይነግረው ነበር፤ ከቁርና ከሙቀት ይልቅ ይህን ነው ያ እግር የሚያውቀው። ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ተወው እንሂድ» አለው አንደኛው ሠራተኛ። «ይኼ እንኳን ትርፍ የኛንም ቀን አይከፍልም።»

ድመቱ ቁልቁል አየ። የነርሷ አልጋ ከነአንሶላው ተገልጦ ይታያል፤ በላዩ ሰማይ ብቻ ነው፤ ሰማዩም መጥቆር ጀምሯል። «አፍህን ዝጋ» አለውና ወረደ።

ነርሷን ያገኛቸው አልጋቸውን ላስቲክ ሲያለብሱ ነው። ነገሩን እየተንተባተበ አስረዳ። ዋጋው ላይ እንዲጨምሩለት ጠየቀ።

«ከምን ልጨምርልህ?» አሉት፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። «ካንተ በፊት አንድ ኮንትራክተር መጥቶ ነበር። ጫማው የሚያበራ፣ ወፍራም ሰውዬ። አንዱን ሠራተኛ ሽቅብ ሰደደው። ያ ከላይ ይጮኻል፣ እሱ ከታች ይጽፋል። አሥራ አንድ ወራጅ መቀየር አለበት አለኝና ካንተ እጥፍ የሚሆን ጠራ። እንጨት ሊያስገዛኝ ነው፣ ሌባ ነው ብዬ መለስኩት። አንተ ግን እንጨቱ ደህና ነው አልከኝ፤ አመንኩህ። የተረፈኝን ለጓዳው በር አዋልኩት።»

ድመቱ ወፍራሙ ሰውዬ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ሽቅብ ሲሰደድና ከላይ ሲጮህ የኖረው እኮ እሱ ራሱ ነው። «እንዴት ነው?» ይላል ሰውየው ከታች። «ሦስቱ ይቀየራል፤ አሸንዳውም ተበልቷል» ይላል ድመቱ ከላይ። የወሬ ያህል ነበር የሚመስለው። ለካ ዋጋው ያ ወሬ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ዋጋ ያወጣው የሱ እግር ነው፤ የራሱ ተራ ሲደርስ ግን እግሩን ትቶ ደብተሩን ያዘ።

እንጨት ሻጮቹ ዘንድ ሄደ። በዱቤ የሚሰጠው አላገኘም፤ «አዲስ ሰው ነህ፣ ማን ያውቅሃል» አሉት። ደረቅ ወራጅ ቆልሎ የሚያስቀምጥና እሱን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው። ድመቱ ጥርሱን ነክሶ ወደዚያ ደጅ ሄደ።

ግቢው ውስጥ ሠራተኞቹ ሁሉ አሉ። ሲገባ አንዱ ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ። ኮንትራክተሩ ከወንበሩ አልተነሣም።

«የነርሷ ቤት ነው?» አለው።

«አዎ ጋሼ።»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ» አለ ድመቱም።

ሰውየው አልሳቀበትም። «ውሰድ። ሥራህን ጨርሰህ ስትመጣ በእንጨቱ ዋጋ ሁለት ወር ትሠራልኛለህ።»

ድሮ ቢሆን ድመቱ «እሺ» ብሎ ይሸከም ነበር። አሁን ግን ከእንጨቱ ክምር አጠገብ ቆመ፤ የአንዱን ወራጅ ዋጋ በአሥራ አንድ አባዛ፣ ለቀን ክፍያው አካፈለ፤ ሁለት ጊዜ አሰላው።

«ሃያ አንድ ቀን ነው ጋሼ። ሁለት ወር አይሆንም። ደግሞ ዋጋ ለማውጣት ጣራ ላይ ካስወጣኸኝ እሱ ለብቻው ይታሰባል። በአንድ ጣራ የአንድ ቀን ሒሳብ።»

ድመቱ ስድብ ጠበቀ፤ ለስድቡ መልስም አዘጋጅቷል። ኮንትራክተሩ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሁን፣ ሃያ አንድ ቀን» አለ። «የጣራውንም እከፍልሃለሁ። ድሮም ብትጠይቀኝ እኮ እከፍልህ ነበር። አልጠየቅከኝም።»

ሊያሾፍበት ብሎ አይደለም የተናገረው፤ እውነቱን ነው። ድመቱ በዓመት ስንት ጣራ እንደወጣ ማስላት ጀመረና አንድ ዓመቱን ሳይጨርስ ተወው። ጋሪው ደጅ ቆሟል፤ የጫኝ ሒሳብ ዋጋው ውስጥ አላሰበምና ወራጆቹን እየመረጠ ራሱ ተሸክሞ ጫናቸው።