የብርቄ አዲስ ግጥም

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ውስጥ ባጃጅ ሊገጨኝ ለጥቂት ተረፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ አስፋልቱ መሀል ቆሜ፣ አንድ ስንኝ እንዳያመልጠኝ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ "እህት፣ መንገዱን ገዝተሽዋል እንዴ?" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቅሁና ስንኜን ጨርሼ ተሻገርኩ።

መስከረም ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። ሦስት ወር ቆርቆሮውን ሲደበድብ የከረመው ዝናብ በድንገት ዝም ሲል፣ ጭቃው የሰው ኮቴ እንደታተመበት ሲደርቅ፣ ውስጤ አንድ ነገር ይነሳል። ዓመቱን ሙሉ ከቢሮ ደብዳቤ ሌላ የማልጽፍ ሰው ነኝ። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ግን ስንኙ ራሱ ይመጣል፣ እንቅልፍም ይነሳኛል። የሚመጣውም ለአንዲት ሰው ነው። ብርቄ ትባላለች፤ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆናት።

ብርቄና እኔ ቡታጅራ ውስጥ አጥር ለአጥር ነው ያደግነው። እሷ ዝም ማለት የማይሆንላት፣ እኔ መናገር የማይሆንልኝ ነበርን። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ "አቤት" የምትልልኝ እሷ ነበረች። በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር። አንደኛው ማርፈዷ ነው፤ ሹሩባዋን ሳትጨርስ ከቤት አትወጣም፤ ሹሩባዋ ደግሞ አያልቅም። ሁለተኛው አዳብና ላይ የምታወጣው ግጥም ነው።

አዳብና ለማያውቅ ሰው፣ ከመስቀል በኋላ ባሉት ቀናት በእኛ አገር ወጣቱ ሜዳ ላይ ወጥቶ የሚጨፍርበት ነው። ሴቶቹ ባንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው ይሆናሉ። በግጥም ይሞጋገሳሉ፤ ይልቁንም ይነካካሉ። የእኛ ሰፈር አውጪ ብርቄ ነበረች። ድምፅዋ ከከበሮው በላይ ይሰማል። የጎረምሳውን አዲስ ጫማ፣ የአንዱን መኮፈስ፣ የሌላውን ፍርሃት በሁለት መስመር ስታነሳው ሜዳው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ሰው ሁሉ "ይህች ልጅ ከየት ታመጣዋለች?" ይላል።

ከኔ ነበር የምታመጣው። ከኋላዋ ተደብቄ እቆምና የሚቀጥለውን ስንኝ ጆሮዋ ላይ ሹክ እላታለሁ። ሰው ከሷ የማልለይ ጥላዋ ነበር የሚመስለው። "አንድ ቀን ያንቺ ነው ብዬ አወጣሻለሁ" እያለች ስታስፈራራኝ፣ እንዳታደርገው በእግዜር ስም እለምናት ነበር። ነገሩን ከእኛ ሌላ የምታውቀው ሀያት ብቻ ነበረች፤ ገበያው ዳር የአባቷን ሱቅ የምትጠብቀው ጓደኛችን።

እኔ ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ስጨርስ፣ ብርቄ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ታመመች። ሳምንት አልቆየችም። ለቅሶዋ ላይ ሁሉም ሲያለቅስ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። እንባም ቃልም እምቢ አለኝ።

መስከረም ደረሰ። መስቀል ለጉራጌ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ሐዘን የገባበት ቤት ግን ያን ዓመት ጎረቤት ገብቶ በዓሉን ካላስጀመረው በቀር እሳቱ አይሞቅም። ከእርዱ ቀን በፊት የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ። እናቴ ጎመኑን ቀቅላ፣ በደንብ አድቅቃ፣ በቅቤና በአይብ ለውሳ ጣባው ላይ ቆለለችውና፣ ቆጮውን በኮባ ጠቅልላ አስያዘችኝ። የሰፈሩ ሴቶችና የአዳብና ጓደኞቻችን ሁሉ ወደ ብርቄ እናት ወደ እትዬ ዘነበች ቤት ገባን።

እትዬ ዘነበች ጥቁር ለብሰው ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ ሁለቴ ጎረሱ። ከዚያ እኛን ልጆቹን እያዩ፣

"አዳብና አትሄዱም አሉ" አሉን።

ከበሮ የምትመታው አልማዝ "እንዴት ብለን እንሄዳለን እትዬ?" አለች። "ብርቄ ሳትኖር!"

"እሷ ብትኖርና አንቺ ብትሞቺ ትቀር ነበር?"

አልማዝ ለመሳቅም ለማልቀስም ግራ ገባት።

"ልትታመም ሰሞን" አሉ እትዬ ዘነበች፣ "'እማ፣ ለመስከረም አንድ ግጥም አለኝ፤ እንኳን ሰው ከበሮውም ይስቃል' ብላኛለች። ስንቴ ብለምናት 'አዳብና ላይ ትሰሚዋለሽ' አለችኝ። እንግዲህ ካፏ የወጣ የመጨረሻ ነገር ነው። የትኛችሁ ናችሁ የምታውቁት?"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ግጥም አልነበረም። የብርቄን አመል ስለማውቅ ወዲያው ገባኝ። መጀመሪያ ለሰው ሁሉ ታወራለች፤ ከዚያ እኔ ዘንድ መጥታ "በይ እንግዲህ ተናግሬያለሁ፣ አታሳፍሪኝ" ትላለች። በዚያ ዓመት እስክትነግረኝ አልቆየችም። እትዬ ዘነበች ፊታችንን አንድ በአንድ ሲያዩ የሆነ ነገር ከሰውነታቸው ሲወጣ፣ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ።

"እኔ አውቀዋለሁ" አልኩ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዞረ። እናቴ ሳትቀር ማን እንደተናገረ ትፈልግ ነበር።

በማግስቱ ሀያት ሱቅ ገብቼ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩን ስነግራት ሚዛኑን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

"ወላሂ አብደሻል። የሌለ ግጥም ነው የማውቀው ያልሽው?"

"እገጥመዋለሁ።"

"እሺ ትገጥሚዋለሽ። ማነው የሚያወጣው? አንቺ ዳቦ ስትገዢ እንኳን በጣትሽ ነው የምታሳዪው!"

"እሱን አላሰብኩበትም።"

"የማነው ትያለሽ ደግሞ? ንገሪያቸዋ፤ እስከዛሬም የኔ ነው በያቸው።"

ይህን ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ነበር። ብናገር እውነት ነው። ግን ሰዉ ስለ ብርቄ የሚያወራው ግጥሟን ነው፤ እናቷ የቀራቸው እሱ ነው። እሱን መልሼ ብወስድ ለእሷ ምን ይቀርላታል? "የሷ ነው እላለሁ" አልኳት። ሀያት ሚዛኑን መልሳ አንስታ "ጽፈሽ አምጪልኝ" አለች።

መጀመሪያ የጻፍኩትን ይዤላት ስመጣ ደንበኛ አስቁማ ሰማችኝ።

"መስከረም ሲጠባ አበባው ሲሞላ ሁሉ፣
ብርቄን አፈር በላት ወዮ ወዮ በሉ።"

"ይሄማ ሙሾ ነው!" አለች። "አዳብና ላይ ሙሾ ልታወርጂ? ከሜዳው በድንጋይ ነው የሚያባርሩሽ። እሷስ ብትሰማሽ? 'ጽጌ፣ ደበረሽኝ' ነበር የምትልሽ።"

እውነቷን ነው። ቀዳደድኩት። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። የመስቀሉ እሳት ነደደ፤ በሬው ታረደ፤ ክትፎው ተበላ፤ እኔ ግን ምን እንደምጎርስ አላውቅም ነበር። አዳብናው ሦስት ቀን ሲቀረው እናቴ ገበያ ላከችኝ። ጠዋት ነው፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ከማሳ የሚመጡት ሴቶች መቅላት የጀመረ በርበሬ ተሸክመው ያልፋሉ፤ የእንሰቱ ቅጠል በጤዛ ያብረቀርቃል። ደስ የሚል ጠዋት ስለነበር አእምሮዬ ተዘናግቶ ነበር መሰለኝ፣ እግሬ እንደለመደው ብርቄ በር ላይ ወስዶ አቆመኝ። ቆምኩ። ዘንቢሌን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወርኩ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትበረታ "ይህች ልጅ ዛሬም አረፈደች!" ብዬ ተናደድኩ።

ድምፅ አውጥቼ ነው ያልኩት። ከዚያ ትዝ አለኝ።

በሰኔ እምቢ ያለኝ እንባ እዚያው አጥር ሥር መጣ። አብሮት ግን ሌላ ነገር መጣ፤ የተናገርኩት ዐረፍተ ነገር ራሱ ስንኝ ነበር። አረፈደች! እያለቀስኩ መሮጥ ጀመርኩ። ገበያውን ሰንጥቄ፣ አንድ የቃሪያ ክምር ረግጬ፣ ተሰድቤ፣ ሀያት ሱቅ ስደርስ አራት መስመር በእጄ ነበር። ሀያት ሰማችኝና ባንኮኒውን በመዳፏ እየመታች "ይሄ ነው! ይሄ ነው!" ማለት ጀመረች። ዘይት ሊገዙ የገቡ ሽማግሌ "ምን አግኝታችሁ ነው?" ብለው ጠየቁን።

የአዳብናው ቀን ሜዳው ከሰው የተነሳ አይታይም ነበር። እትዬ ዘነበች በጥቁር ልብሳቸው ከሴቶቹ ፊት ቆመዋል። ሀያት "ዛሬ እኔ ካንቺ ኋላ ነኝ" ብላ ወገቤን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ለማበርታት ይሁን እንዳልሸሽ አላውቅም። አልማዝ ከበሮውን መታች። ድምፄ ከየት እንደወጣ ሳላውቅ አወጣሁት፦

"መጣሁ እያለች ነው መንገድ ላይ ቆማለች፣
ብርቄን የምታውቁ፣ ዛሬም አርፍዳለች።"

የሚቀበል ጠፋ። ከበሮው ቆመ። ሰዉ ሁሉ እትዬ ዘነበችን አየ፤ ሟች በአዳብና ስትነቀፍ ማን ሰምቶ ያውቃል! ሀያት ወገቤን ጠበቅ ስታደርገው ወደፊት ገፋሁ፦

"ሹሩባ ስትሠራ ቀኑ አዘቀዘቀ፣
እሷን ስንጠብቅ ጉልበታችን አለቀ።"

እትዬ ዘነበች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሱ መሰለኝ። ነጠላውን ሲያወርዱት ግን እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ።

"ልክ ነሽ!" ብለው ጮኹ። "ስታስመርረኝ ነው የኖረችው! ጥሪያት ይህችን ዘረክራካ!"

አልማዝ ከበሮዋ ላይ እንደ አዲስ ወረደችበት። ሴቱ ሁሉ "ብርቄ ነይ፣ ብርቄ ነይ!" እያለ ተቀበለኝ። ከወንዶቹ ወገን አንዱ ወዲያው መለሰ፦

"ብርቄ ብትዘገይ ምን አንገበገባችሁ፣
እስክትመጣ ድረስ እኛ አለንላችሁ!"

ሜዳው ፈነዳ። መለስኩለት። ደገመ፤ ደገምኩ። ያን ቀን እስከ ምሽት ድረስ በገዛ አፌ ስናገር ዋልኩ፤ ማታ ድምፄ ተዘግቶ እናቴ ቅቤ አላሰችኝ። ሰዉ ወደ ቤቱ ሲመለስ "የብርቄ የመጨረሻ ግጥም እንዴት ያለ ነው!" ሲል እሰማለሁ። ቅር አላለኝም። እንዲያውም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ግን አልሆነም። በዓመቱ ለመስቀል ስገባ እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄድኩ። ጎመን ክትፎውን አቀረቡልኝና፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ "ሌላ ትታልሽ የሄደችው የለም?" አሉኝ። "አንድ አለ እትዬ" አልኳቸው። በሚቀጥለውም ዓመት አንድ ነበረ። ስምንት ዓመት ሙሉ ብርቄ በየመስከረሙ አዲስ ግጥም አላጣችም። እኔም ሰው ፊት መናገር ዛሬም የሚያስጨንቀኝ ሴት፣ ለእሷ ስል በዓመት አንድ ቀን እጮሃለሁ። ሙታንን ማክበር ሌሎች እንዴት እንደሚያደርጉት አላውቅም። እኔ ሥራ እሰጣታለሁ።

ለብርቄ እናት እውነቱን ልንገራቸው ወይ እያልኩ የተጨነቅኩባቸው ዓመታት ነበሩ። ትናንት ማታ ግን እትዬ ዘነበች ደወሉልኝ። መቼ እንደምመጣ ጠየቁኝ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቁኝ። ልዘጋ ስል፣

"ቆይ፣ ቆይ" አሉኝ። "የጎረቤቴ ፍየል ዘንድሮም አጥር ዘላ ጎመኔን ፈጀችው። አንድ ስንኝ ስለሷ ጣል ታድርግልኝ በያት።"

"እነግራታለሁ እትዬ" አልኩ።