የከሰዓቷ ጸሐፊ ኪቦርድ

ቢቸና በምሠራበት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሩ አንድ፣ ጸሐፊዎቹ ሁለት ነበርን። እኔ ጠዋት እጽፋለሁ፤ እሷ ከሰዓት ትጽፋለች። በምሳ ሰዓት በሩ ላይ እንገናኛለን፤ የምንጨቃጨቀውም ያኔ ነው።

ጠባችን በኪቦርዱ ነበር። የግራ እጇን ትንሿን ጣት በር ጨፍልቋት አልታጠፍ ብላ ስለነበር፣ ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ይዛ መጻፍ አትችልም። ጥ እና ጭ ደግሞ ያለ እሱ አይመጡም። እናም ሴቲንጉ ውስጥ ገብታ ለፊደሎቹ ሌላ ቦታ ሰጠቻቸው። ጥን ያስቀመጠቻት ነጠላ ሰረዙ ላይ ነው። እኔ ጠዋት የስብሰባ ጥሪ ስጽፍ በየስሙ መካከል ጥ ይደረደርልኛል። እበሽቃለሁ። ዲፎልቱን፣ የመጀመሪያውን አቀማመጥ፣ እመልሳለሁ፤ ከሰዓት እሷ የራሷን ትመልሳለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ነካካኸው?»

«ከፋብሪካ እንደመጣ አደረግሁት እንጂ ምን ነካካሁት? ሕዝብ የሚጽፍበት ነው።»

«እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?»

እየተቆጣች ዓይኗ ይስቃል። ምሳዬን ስበላ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር። ያን ጊዜ እንደምወዳት አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። መናገሩ ነው ያቃተኝ። ነገም እንጣላለን፣ ምን አስቸኮለኝ እያልኩ ከረምኩ።

ከዚያ ወደ ሞጣ ተዛወረች። መኪና ላይ ስትወጣ «እንግዲህ ተገላገልክ» አለችኝ። እኔም እንደ ጅል ሳቅሁ።

በማግስቱ ኮምፒዩተሩን ስከፍት የእሷ አቀማመጥ እንዳለ ነበር። ልመልሰው ብዬ ሴቲንጉን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ተውኩት። ቀስ በቀስ በእሷ አቀማመጥ መጻፍ ለመድኩ፤ ጣቶቿ በሄዱበት ስሄድ ናፍቆቱ ቀለል ይልልኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን አንድ ባለሙያ መጥቶ ቫይረስ አለበት ብሎ ፎርማት አደረገው። የእሷ የሆነው ሁሉ ጠፋ። እኔ የማውቀው ማፍረሱን ብቻ ነው፤ ስትሠራው አንድም ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ አላየሁም።

በአንድ በኩል ሰበብ አገኘሁ። የቢሮውን ስልክ አንስቼ ሞጣ ደወልኩ፤ ፈልገው አገናኙኝ።

«ያንን ኪቦርድሽን እንዴት ነበር የምታስተካክይው?» አልኳት። ደህና ነሽ ወይ ሳልል።

ሳቋ አልቆም አለ። «አንተ ነህ ይህን የምትጠይቀኝ? ኧረ እኔም ረስቼዋለሁ። እዚህ ወጌሻ አሽቶልኝ ጣቴ ዳነች እኮ! አሁን እንደ ሰው ሁሉ በዲፎልቱ ነው የምጽፈው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ ከልቤ ነበር። ግን ሰበቤ አለቀ።

ከኋላዋ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል።

«ለዚህ ብቻ ነው የደወልከው?» አለችኝ፣ ሳቋን ትታ።

«ለዚህ ብቻ ነው» አልኳት።

ቶሎ አልዘጋችውም። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።