ሐዲድ የሌለው ጣቢያ

ዛሬም ያ ግድግዳ ትዝ ሲለኝ ክው እላለሁ። ችኩል ሰው ነኝ፤ በችኮላዬ ያበላሸሁት ነገር ብዙ ነው። እንደዚያ ቀን የደነገጥኩበት ግን የለም።

ቢቸና በመምህርነት የተመደብኩት በጥቅምት ነበር፤ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ። ከከተማው ዳር አንዲት ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት አለች፤ ፊት ለፊቷ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ መድረክ ተሠርቶላታል። ሰዉ ባቡር ጣቢያ ይላታል። ጎጃም ውስጥ ባቡር ከየት መጣ ብዬ ሳቅሁ። ኋላ እንደተነገረኝ፣ ያሠሯት አንድ የሞጣ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ በባቡር ሥራ ላይ ኖረዋል። አገራቸው ገብተው የጭነት መኪና ሲገዙ፣ መኪናም ጣቢያ ያስፈልገዋል ብለው የሚያውቁትን አሠሩ። ተሳፋሪው ከመድረኩ ላይ ተራምዶ መኪናው ላይ ይወጣል። መንገዱ የበጋ ብቻ ስለነበረ ክረምቱን ጭር ትላለች።

ከዚያች ጣቢያ ተሳፍሮ አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለቅ ሰው ስሙን በምስማር ግድግዳው ላይ ጭሮ ይሄዳል። መጻፍ የማይችለው ለሚችል ይነግራል። ለውትድርና የሄደው፣ ለአጨዳ ሰቲት የወረደው፣ ለትምህርት የወጣው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስም ብቻ ነበር።

ቤቷን የሚጠርጉት ደጃፏ ላይ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሄዶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ፎቶ የላቸው፣ ደብዳቤ የላቸው፤ የቀራቸው ከበሩ በስተቀኝ የጫረው ስሙ ነው። ፊደል ባይቆጥሩም ጣታቸው ያውቀዋል። አንድ ቀን እጄን ይዘው ጭረቱ ላይ አስኬዱኝና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ ባለፍኩ ቁጥር አነብላቸው ነበር፤ እሳቸውም በየጊዜው አዲስ ወሬ እንደሰማ ሰው ይመርቁኛል።

በዚያው በጋ መኪኖቹ ገበያው አጠገብ መቆም ጀመሩ፤ ጣቢያዋ ሥራ ፈታች። ቤቷ ፈርሳ የመድረኩ ድንጋይ ለሌላ ግንብ ሊውል ነው ሲባል ሰማሁና ደሜ ፈላ። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ደጅ ጠናሁ፤ የአውራጃውን ጸሐፊ እስኪሰለቸው ድረስ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ ጣቢያው ሳይነካ እንዲጠበቅ የሚያዝዝ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ። በኩራት ወስጄ ለእናቲቱ ሳነብላቸው ብዙም አልደነቃቸውም። ድሮስ ማን ነክቶት ያውቃል ብለው ቆሏቸውን መስፈር ቀጠሉ። ምን ያውቃሉ ብዬ በሆዴ ታዘብኳቸው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ፈተና ላስፈትን ሞጣ ተላክሁና ከሳምንት በላይ ቆየሁ። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር በበቅሎ ተመለስኩ። ጣቢያዋ ዘንድ ስደርስ ደርቄ ቀረሁ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በጭቃ ተመርጓል፤ ገና እርጥብ ነው፤ አንድም ስም አይታይም። ጠብቁ ቢባሉ ማደስ መስሏቸው ነው፤ ሊያሽሩ ገደሉ ብዬ የጽሕፈት ቤቱን ሰዎች ረገምኩ። ወዲያው እናቲቱ ትዝ አሉኝ። ይህን ሳያዩ ስሙን ላውጣላቸው ብዬ ቢላዬን መዝዤ ከበሩ በስተቀኝ መፋቅ ጀመርኩ።

ጭቃው በቀላሉ ለቀቀልኝ። ደስ ብሎኝ ጠለቅ አድርጌ ስስበው ትልቅ ጓል ተገንጥሎ እግሬ ሥር ወደቀና ተፈረካከሰ። ቀና ብዬ ባይ አሮጌው ግድግዳ ከእርጥቡ ጭቃ ጋር ተጣብቆ ተላጦ መጥቷል። ስሙ በነበረበት ቦታ የቀረው ማገሩ ብቻ ነው።

ከኋላዬ ኮቴ ሰምቼ ዞርኩ። እናቲቱ ናቸው፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ በገበቴ ተሸክመዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው።

«እርስዎ ነዎት የመረጉት?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ። ልጄ ከሄደ ጀምሮ ዝናብ ሲቃረብ በየዓመቱ እመርገዋለሁ። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቅና በራሱ ይረግፋል። ስሙም እንደ ተጻፈ ይወጣል።»

እኔ በጥቅምት የመጣሁ ሰው፣ ያን ሁሉ ስም ክረምት እንዴት እንዳላጠበው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ገበቴውን አስቀምጠው ወደ ግድግዳው ቀረቡ። ጣታቸው እንደ ልማዱ ከበሩ በስተቀኝ ሄደ፤ ማገሩን ነካ፤ ቆመ። ቢጮሁብኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ገበቴውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«በል ጭቃውን አቀብለኝ» አሉ። «ዝናቡ በዚህ ቀዳዳ ከገባ የሌሎቹንም እናቶች ልጆች ይወስዳቸዋል።»

አቀበልኳቸው። የልጃቸው ስም የነበረበትን ቀዳዳ በገዛ እጃቸው ደፈኑት።