ከኋላ የሚሄዱት ሰው

ጥቅምት ገብቶ ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ እኛ የከሚሴ ጓደኛሞች ውሾቻችንን ይዘን በቦርከና ዳር ወደ ጨፋ እንወርዳለን። አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሁሌም መጨረሻ ነበሩ። የሰላት ሽርጣቸውን ውሻ እንዳይነካባቸው በፌስታል ቋጥረው ዱላቸው ጫፍ ላይ ያንጠለጥላሉ። ከፊታቸው ያረጀው ውሻቸው ነብሮ ያነክሳል።

"አጎቴ፣ ይምሩን እንጂ!" ስላቸው፣

"ሱታ ሂዱ፤ ቀስ ብላችሁ። ፊት ያለው መንገዱን ያያል፤ ኋላ ያለው ሰዉን ያያል" ይሉኛል።

እውነታቸውን ነበር። ጫማው የተበጠሰበትንም፣ አኩርፎ የቀረውንም የሚያገኙት እሳቸው ነበሩ።

በክረምቱ አኼራ ሄዱ። ጥቅምት ሲመጣ ያለ እሳቸው ወጣን። ወንዙን እየተሳሳቅን ተሻግረን ዞር ስንል ነብሮ አብሮን የለም። ማዶ ቁጭ ብሎ ወደ መጣንበት መንገድ ያያል። ጠራነው፤ ዳቦ አሳየነው፤ ንቅንቅ አላለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃውን መልሼ ተሻገርኩና ከኋላው ቆምኩ። እሳቸው በኦሮምኛ ይሉት እንደነበረው "ዴሚ! ሂድ!" አልኩት። ብድግ ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ።

ጓደኞቼ ከማዶ "ና ምራን እንጂ!" እያሉ ተጣሩ።

"ሱታ ሂዱ" አልኳቸው።